እባብ አላቢው

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ፣ ነርሷ ፍሪጁን ስትከፍት «የእባብ መርዝ ማርከሻ» የሚል ትንሽ ሣጥን አየሁ። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፤ ሃያ ዓመት አልፎኝ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የእባብ መርዝ የሚያጠና ዶክተር ከአዲስ አበባ ወደ አገራችን ሞርሲቶ መጣና፣ ሀዲይኛም አማርኛም ስለምችል አስተርጓሚ አደረገኝ። የያዛትን እፉኝት ከራሷ ሥር ጨብጦ፣ በስስ ላስቲክ የተሸፈነ ብርጭቆ ያስነክሳታል። ጠብ የሚለው ፈሳሽ አዲስ የተቆረጠ ማር ይመስል ነበር። ሰዉ «እባብ አላቢው» አለው።

«ዶክተር፣ ወተቱን የት ገበያ ልታወጣው ነው? ዳምቦያ?» ይሉታል። አብሯቸው ይስቃል።

በጋ ነበር፣ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ። አክስቴ ታደለች ደረቅ የእንሰት ቅጠል ስትሰበስብ እፉኝት እግሯን ነደፈቻት። ባሏ አቶ ኤርሲዶና ወንድሞቹ በቃሬዛ ይዘዋት የመጡት ግን ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ዶክተሩ ነው። መርዝን ከእባብ የሚያወጣ፣ ከሰው ማውጣት አያቅተውም ብለው።

ዶክተሩ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሐኪም አይደለሁም። እኔ ጋ ያለው መርዙ ብቻ ነው። መድኃኒት እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። ንገሪያቸው» አለኝ።

አክስቴ አማርኛ ትሰማ ነበርና ሳልተረጉም ገባት። «ተዪው፣ አታስጨንቂው» አለችኝ።

ኤርሲዶ ግን መርዙ ያለበትን ጠርሙስ እያየ፣ «መርዙን ይዘህ መድኃኒቱ የለህም? ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው። ተረጎምኩ። ዶክተሩ አክስቴንና እኔን አሳፍሮ መኪናውን አስነሣ። መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር፤ ሆሳዕና ሳንደርስ አክስቴ ጭኔ ላይ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ዶክተሩ ዕቃውን ሸክፎ ሊሄድ ሲል ኤርሲዶ አፉ በእንሰት ቅጠል የታሰረ እንስራ አቅፎ መጣ። በእኛ አገር ሰው የገደለ እባብ ራሱ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይቃጠላል። ያን ያላደረገ ባል «የሚስቱን ደም ያልመለሰ» እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

«እፉኝቷን አልገደልኳትም» አለ። «እለባት።»

ዶክተሩ እፉኝቷን ከእንስራው አውጥቶ ብርጭቆውን አስነከሳት። ኤርሲዶ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ባዶ እንስራውን ይዞ ሄደ።

ድንጋይ ማንሣት ይቀለው እንደነበር የገባኝ፣ እኔም የምቀብረው ሰው ከበዛ በኋላ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ ያየሁት መድኃኒት ከዚያች እፉኝት መጣ አልልም፤ ማረጋገጫ የለኝም። ተራዬ ሲደርስ ግን ነርሷን፣ «ልጄ፣ ፍሪጁን በደንብ ዝጊው» አልኳት።

«ዝግ ነው እኮ እማማ!» ብላ ሳቀች።

እጀታውን ራሴ ገፋ አድርጌ አየሁት። ዝግ ነው።