ጥሩነሽና የብርጭቆው ቱቦ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለሚያነቡኝ ለእርስዎ ግን ልናገር፤ ፊትዎን ስለማላየው ይሆናል የደፈርኩት። የጥሩነሽን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በንጉሡ ጊዜ እኔና እሷ ኮተቤ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ እናስተምር ነበር። ልንጋባም ተነጋግረናል። በዚያ ዓመት ጥሩነሽ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ፎስፈረስ ከብረታ ብረት ጋር ሲዋሃድ የሚሠራውን ክሪስታል በዓይኗ ማየት ፈለገች። መዳብና ቀይ ፎስፈረስ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጨምራ፣ አፉን በእሳት አቅልጣ ደፈነችውና ኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ አስገባችው።

«ቀስ ብሎ መጋል አለበት» አለችኝ። «ከተቸኮለ ፎስፈረሱ ከመዳቡ ጋር ሳይዋሃድ ይተንና ቱቦውን ያፈነዳዋል። ቀስ ካለ ግን ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይደረደራሉ። እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ታያለህ!»

ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። አላወቅኩም ነበር የምልበት አፍ የለኝም።

ቅዳሜ ነበር። እንጦጦ እናቷ ቤት ምሳ ተጠርተናል። እሷ ግን ምድጃውን ትቼ አልሄድም አለች። ተናደድኩ። በአንድ ምድጃ ቀናሁ ብል ያምኑኛል? እጇን ልትታጠብ ወጣ ስትል እሳቱን ጨመርኩት። ቶሎ ይለቅና እንሂድ ብዬ ነው። ስትመለስ ኮቴን እየለበስኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ምድጃው ጎንበስ አለች። ተይ ማለት ምን ይከብዳል? አላልኩም። ፈነዳ።

ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ «እሳቱን የጨመረችው እሷ ናት» አልኩ። ይህን በገዛ አፌ ተናገርኩ፤ ማንም አላስገደደኝም። ከሥራዋ አሰናበቷት።

ሆስፒታል ሄድኩ። ዓይኖቿ በፋሻ ተሸፍነዋል።

«እኔ አልጨመርኩም» አለችኝ። «እናቴ እንኳን አላመነችኝም። አንተ ታምነኛለህ?»

«አምንሻለሁ» አልኩ።

እጄን ፈልጋ ያዘችው፤ ሳመችው። ያንኑ እጄን! ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት አቃተኝ፣ መሄዴን ተውኩ። ሌላ አገባሁ።

ጥቂት ዓመት ቆይታ በሳንባ ምች ሞተች። ለቅሶ ልደርስ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። እናቷ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እያለቀሱ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ስንት ዘመን አልጨመርኩም ስትለኝ ኖራ በመጨረሻ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እማዬ፣ ሳላውቀው ጨምሬው ይሆናል፤ ለርዕሰ መምህሩ እሷ ናት ብሏል አሉ፣ እሱ ደግሞ አይዋሽም› አለችኝ።»

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። አንገቴን ደፍቼ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ወረድኩ። አሁን እሳቸውም የሉም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እርስዎን አላስቸግርም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱ ነበሩ፣ ሁለቱንም እንደዋሸኋቸው ሞቱ።