ሣሩን ያረስኩበት ክረምት

ክረምትና ሒሳብ አንድ ላይ ከተነሱብኝ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ያኔ ግን ምን አማራጭ ነበረኝ! አባቴ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ለትምህርት የላከኝ ታላቅ ወንድሜ እዚያ ቤት ተከራይቶ ስለሚማር ብቻ ነው። «እሱ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ዕለት ቤቱ ይዘጋል፤ አንቺም ጠቅልለሽ ትመጫለሽ። ሴት ልጄን ብቻዋን ከተማ አልጥልም» ብሎ ቆርጧል። ወንድሜ የሚቀድመኝ ደግሞ በአንድ ክፍል ነው። የአሥራ ሁለተኛ ደጃፍ ላይ ደርሼ ልመለስ!

አንዲት መውጫ ነበረች። ዘጠነኛን እንደጨረስኩ የአሥረኛን ሒሳብ በክረምት ተምሬ ፈተናውን ካለፍኩ፣ ትምህርት ቤቱ ደብል ያስመታኛል። ከወንድሜ እኩል አሥራ አንደኛ እገባለሁ ማለት ነው።

ክረምቱን ከሱሉልታ ነው የምመላለሰው። ከጫንጮ የሚመጣው አውቶቡስ እኛ ጋ ሲደርስ ጢም ብሎ ነው። ከወተት ጣሳው መሀል ተሰክቼ፣ እንጦጦን በጭጋግ ወርጄ፣ ከነጭቃዬ ክፍል እገባለሁ። ወንድሜ ለክረምት ቤት ተጋድሞ ገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጠብቀኛል።

«እህሳ፣ ኤክስ ዛሬም ጠፋች? ሰፈር ውስጥ አስጠይቂያታ!»

ጫማዬን እወረውርበታለሁ። አንስቶ ጭቃውን ይጠርግልኝና «በይ ነይ፣ ያቃተሽን አሳዪኝ» ይላል። አሾፈም አላሾፈም ያስጠናኝ እሱ ነው።

አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ። በፈተናው ቀን እኛን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው ወረቀቱን እዚያው አረሙና አንድ በአንድ ጠሩን። እኔ ስገባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በአንድ ጥያቄ ልትወድቂ ነው። ይሄን ቁጥር ከየት አመጣሽው?»

ጥያቄው መሀሉን ወንዝ ስለሚያቋርጠው ማሳ ነው። ገበሬው የሚያርሰው መሬት ስፋት ስንት ነው ይላል። እኔ ወንዙን ቀነስኩ፤ ከወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን ሣርም ቀነስኩ።

«ሰር፣ ወንዝ ዳር አይታረስማ! ሣሩ የከብት ነው። የሱን ወርድ በእኛ ማሳ ገምቼ ነው» አልኳቸው። በእኛ አገር ወንዝ አፍ ድረስ የሚያርስ ሰው ስሙ በክፉ ነው የሚነሳው።

አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ስሌትሽ ልክ ነው። ጥያቄው ላይ ግን ሣር የለም። ለዛሬ ብቻ ሣሩን እረሺውና ደግመሽ ሥሪው።»

ሣሩን አርሼ ደግሜ ሠራሁት። አይተው ምልክት አደረጉና «አልፈሻል» አሉኝ።

እፎይ! አውቶቡስ ውስጥ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። አጠገቤ የተቀመጡ ባለወተት እናት «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ፈተና አልፌ ነው።»

«አንቺ! ታዲያ እልል አይባልም?» ብለው ራሳቸው እልልታውን አቀለጡት።

አባቴን ደጅ የጎርፍ ቦይ ሲቆፍር አገኘሁት። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ የሣሩን ነገር ሳይቀር ዘከዘክሁለት። አካፋውን ተከለ።

«አረስሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ወንዝ ዳር ያለውን?»

«አዎ።»

«ከብቱስ ምን ይብላ?»

«አባዬ፣ የወረቀት ማሳ እኮ ነው!»

ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም። ዝናቡ እየመታው ወደ ወንዛችን፣ ወደ ሣሩ አየ። ሐሳቡን ቀይሮ ከትምህርቱ የሚያስቀረኝ መስሎኝ ፈራሁ።

«እንግዲህ አንዴ አርሰሽዋል» አለ በመጨረሻ። ጭቃ የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና አናቴ ላይ ጫነው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የከተማውን ቤት ሁለታችሁም ስትጨርሱ እንዘጋዋለን።»