ሁለተኛው ጉርሻ

ባለፈው እሁድ ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ በልጄ ልጅ የልደት በዓል ላይ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ፊት ጮህኩ። ሙዚቃው ያንባርቃል፣ ድፎው ተቆርሷል፣ ልጆቹ ሶፋው ላይ ይዘላሉ። ሁለት ዓመት የሚሆነው የአንዲት እንግዳ ልጅ ጉንጩን በፈንዲሻ ወጥሮ እየተፍለቀለቀ ይሮጣል፤ አባቱ ደግሞ «ያዝኩህ! መጣሁልህ!» እያለ ከኋላው ያባርረዋል። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ልጁን ብብቱን ይዤ «አፉን ሞልቶ አይሮጥም! አስቀምጡት፣ መጀመሪያ ይዋጥ!» ስል የራሴው ድምፅ አስደነገጠኝ።

ልጁ አለቀሰ። እናቱ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ተቀበለችኝ ከምል ነጠቀችኝ ብል ይሻላል። «ማዘር፣ ፈንዲሻ እኮ ነው» አለችኝ ፊቷን ቋጥራ። ልጄም ቆየት ብላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና «እማዬ፣ ቤቴ የመጣ እንግዳ እንዲህ ይደረጋል?» ብላ ገሠጸችኝ። ወልደው ባሳደጉት ልጅ መገሠጽ ደስ አይልም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነገሩ የገባት ታላቅ እህቴ ጸሐይ ብቻ ናት። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፋሲካ ነው፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ነፋስ ስልክ ነበር፤ ግቢው ሰፋ ያለ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ከጀርባ ደባል የምናስገባባት አንዲት ክፍል ያለችው። የዛሬው ሀና ማርያም በዚያ ጊዜ ገጠር ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ ገበሬዎቹ ከዚያ አቅጣጫ ዶሮ አንጠልጥለው፣ እንቁላል በጭድ ሸፍነው፣ በበልግ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተለውሰው ይመጣሉ። እናቴ ገበያ እስኪደርሱ አትታገሥም፤ መንገድ ላይ ወጥታ ትጠብቃቸዋለች። የዶሮውን ደረት ዳብሳ «ይሄ እኮ ርግብ ነው!» ብላ ባለቤቱን ካሳፈረች በኋላ ያንኑ ዶሮ ገዝታ ትገባለች። ስለ እናቴ ከጀመርኩ ስለማልጨርስ እዚህ ላይ ልተወው።

ደባላችን እትዬ አስቴር ትባላለች። ከወላይታ የመጣች፣ ባሏ ብየዳ ቤት የሚሠራ፣ ማርታ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ያለቻት ጴንጤ ሴት ናት። በጴንጤነቷ ሰፈሩ መንሾካሾኩ አልቀረም፤ እናቴን ያናደዳት ግን ሃይማኖቷ አልነበረም። እትዬ አስቴር ልጆች ሲበሉ ዝም ብላ ማየት አትችልም። ቆሎ የጨበጠ ሕፃን ካየች መዳፉን ፈልቅቃ ትወስዳለች። ለማርታ ሥጋውን በጣቷ እንደ ክር ትተለትላለች፣ ልጅቱ ካልተቀመጠች አታጎርሳትም፣ አኝካ እስክትውጥ ድረስም አፍ አፏን ታያለች። ጎረቤት ሁሉ ይስቅባት ነበር። «አስቴር፣ ልጅ ነው ጫጩት የምታሳድጊው?» ይሏታል። ፈገግ ብላ መተልተሏን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን የእህቴን ልጅ የሚኪን ኦቾሎኒ ቀማችው። የጸሐይ ባል ወታደር ሆኖ ሰሜን ስለነበር እሷና ልጇ እኛው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ሚኪ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ግቢው እየተቀባበለ የሚያቅፈው ድብልብል ልጅ ነበር። ኦቾሎኒውን ሲነጠቅ ጩኸቱን ለቀቀው። እናቴ ከበር ላይ ሆና አየች። «ሕፃን ልጅ አፍ ላይ ያለውን ትቀማለች? የዚች ሴትዮ ስስት እጇ ላይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓይኗም ውስጥ አለ» አለች። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

ፋሲካ ግን ቂም አያስይዝም። በበዓሉ ቀን እናቴ ራሷ ሄዳ የእትዬ አስቴርን በር አንኳኳች። «ነይ እንጂ ከነባልሽ ከነልጅሽ! እኛ ጾመን አንቺ ባትጾሚም ፋሲካው የጋራ ነው» አለቻት። እናቴ ይቅርታ ስታደርግም መውጋት አትተውም።

አጎቴ ጋሽ ደምሴም መጥቶ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። እሱ የገባበት ቤት አይተኛም። ራሱ ልጅ ስላልነበረው ሚኪን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው፤ ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር ቴምር ሳያመጣለት አይቀርም። ያን ዕለትም ገና ጫማውን ሳያወልቅ «የታለ ጌታዬ?» ብሎ ተቀበለውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው፤ ገበታው ሲቀርብም ለማንም አልሰጥም አለ።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። እናቴ ዶሮውን ከነእንቁላሉ አወጣች፤ ቤቱን የቅቤና የኮረሪማ ሽታ ሞላው። ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮ ሲደርስ ሰው ሁሉ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ከዚያ ሳቁና ጨዋታው ይቀጥላል። ጋሽ ደምሴ እንጀራውን በወጡ አርሶ፣ ጠቅልሎ፣ በዚያ መሪ በለመደ ትልቅ እጁ ሚኪን አጎረሰው። የልጁ ጉንጮች ተነፉ፣ ዓይኖቹ ፈጠጡ። ሁላችንም ሳቅን።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው!» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ እስኪውጥ ትንሽ ይቆዩት» አለች እትዬ አስቴር ከገበታው ማዶ። እናቴ ገላመጠቻት።

ጋሽ ደምሴ ግን አልተቀየመም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ፣ የኔ እመቤት! ከዚህ ልጅ ጋር ልታጣይኝ ነው?» አለና እንቁላሉን ገምሶ፣ በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ጨመረለት። ወዲያው ደግሞ ብብቱን ኮረኮረው። ሚኪ ሊስቅ አፉን ከፈተ።

ሳቁ አልወጣም።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መታነቅ ማለት ማሳል ይመስለኝ ነበር። ትን ይላል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ያልፋል። ሚኪ አላሳለም፣ አላለቀሰም። አፉ እንደተከፈተ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የሚገባ አየር ግን የለም። ጋሽ ደምሴ ገና እየሳቀ ነበር። ጸሐይ እንጀራ ልትጨምር ጎንበስ ብላለች። እናቴ ስለ ዶሮው ገበሬ ታወራለች። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ገበታ መሃል፣ በሚወደው ሰው ጭን ላይ፣ ልጁ ሊሞት ሲል የሰማ አልነበረም፤ የሚሰማ ነገር አልነበረማ! እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ ይህ ነው።

«ልጁ!» አለች እትዬ አስቴር። ዞረን ስናየው ከንፈሩ ጠቁሯል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተተራመሰ። እናቴ «ማርያም! ማርያም!» እያለች አናቱን እፍ ትላለች። ጸሐይ አፉ ውስጥ ጣቷን ከትታ ትቆፍራለች። እኔ ውሃ በብርጭቆ ይዤ እየተደፋብኝ እሮጣለሁ። ሁላችንም ልናድነው ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን የኔ ውሃ የባሰ ሊዘጋው፣ የእናቱ ጣት ጭራሽ ወደ ውስጥ ሊገፋበት ይችል ነበር።

እትዬ አስቴር በገበታው ላይ ተሻግራ መጣች። ገበታ፣ ያውም የፋሲካ ገበታ! እንጀራውን ረግጣ፣ ወጡን ደፍታ ነው የመጣችው። «ጣትሽን አውጪ፣ እየገፋሽው ነው! ውሃ አይሆንም!» ብላ ጮኸችና ልጁን ከጋሽ ደምሴ ጭን ላይ መንጭቃ ወሰደችው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ በሆዱ አስተኛችው፤ ጭንቅላቱ ወደ ታች ተዘቀዘቀ። በመዳፏ ግርጌ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ትመታው ጀመር።

«ገደለችው! ልጄን ገደለችው!» እናቴ ልትነጥቃት ተነሳች፤ የእትዬ አስቴር ባል መሃል ገብቶ ያዛት።

ምንም አልወጣም። እትዬ አስቴር ልጁን አቁማ ከኋላው ተንበረከከች። ጡጫዋን ከእምብርቱ ከፍ አድርጋ ሆዱ ላይ አሳረፈች፣ በሌላው እጇ ጨበጠችውና ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ሳበችው። አሁንም ሳበችው። «ኢየሱስ፣ ይሄን አትውሰድ፤ ይሄን አትውሰድ» ትላለች በዝግታ። የሚኪ እግሮች ዝለዋል። ጸሐይ መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች። ትንፋሽ የሌለው እሱ ብቻ አልነበረም።

እንቁላሉ ወጣ። ነጩ ነበር፤ ጥርስ እንኳ አልነካውም። ሚኪ እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ አሰምቶ አየር ሳበ፣ ከዚያ እሪ አለ። በዕድሜዬ ብዙ ዘፈን፣ ብዙ ዝማሬ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ለቅሶ አንጀቴን ያራሰው የለም።

እትዬ አስቴር ግን በዚህ አልበቃትም። «ሆዱን በኃይል ነው የተጫንኩት፤ ሐኪም ይየው» ብላ ከጸሐይ ጋር በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጋሽ ደምሴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ቀኝ እጁን ፊቱ እንደዘረጋ፣ ወጡ ጣቶቹ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ያየዋል። ማስታጠቢያ ይዤ ብቀርበው አላየኝም። ዓለምን የሚያስቅ ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼ ስለማላውቅ የሚኪን ያህል ፈራሁለት።

ልጁ ደህና ነው ተብሎ ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል። ሚኪ እናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። እትዬ አስቴር ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ እግሯ ላይ የደረቀውን ወጥ ትታጠብ ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ሄደችና ጉልበቷን ልትስም ጎነበሰች። እትዬ አስቴር ደንግጣ በሁለት እጇ ደግፋ አነሳቻት።

«ምነው እትዬ ብርቄ! ኧረ በእግዚአብሔር!»

«ማነው ይሄን ያስተማረሽ? ሐኪም ቤት ሠርተሻል?» አለቻት እናቴ።

እትዬ አስቴር ቧንቧውን ዘጋች። «የመጀመሪያው ልጄ ሲሞት ነው» አለች። «የሽምብራ ቆሎ ነበር። እያለቀሰ ሥራ ሲያስፈታኝ ራሴ ነኝ የሰጠሁት። አነቀው። ውሃ አጠጣሁት፣ ጣቴን ከተትኩ፣ አናቱን እፍ አልኩ... ልክ እንደናንተ። ተሸክሜ ሮጥኩ፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ከቀበርነው በኋላ እዚያ ያለችው ነርስ አስጠራችኝና በአሻንጉሊት አሳየችኝ። ‹ለሚቀጥለው ልጅሽ› አለችኝ።»

እዚያው ግቢ ስንት ጊዜ አብረን ኖረን ከማርታ በፊት ልጅ እንደነበራት አናውቅም ነበር። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሕግ ወጣ፤ ሕግ አስከባሪዋም እናቴ ሆነች። ቆሎና ኦቾሎኒ ልጅ የማይደርስበት ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እንቁላል ተፈርፍሮ፣ ሥጋ ተተልትሎ ሆነ የሚቀርበው፤ ልጅ ካልተቀመጠ አይጎርስም፣ አፉ ውስጥ ያለው ካልተዋጠ ሌላ አይጨመርም፣ እየበላ ያለን ልጅ ያሳቀ ሰው ከእናቴ ጋር ይጣላል። ጋሽ ደምሴ እስኪሞት ድረስ ለማንም ልጅ ጉርሻ አልሰጠም። ታሪኩን የማያውቁ ኩሩ ሆነ ይሉት ነበር። ሚኪ ዛሬ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ስለዚያ ቀን ምንም አያስታውስም፤ እኛ ነን የምናስታውስለት።

ጉርሻ የምጠላ ሰው አልሆንኩም። ፍቅር በእጅ ሲሰጥ ደስ ይለኛል፤ ለትልቅ ሰው ሦስትም ቢሆን አጎርሳለሁ። ግን ጥርሱ ያልሞላ ልጅ በቃኝ ማለት አይችልም፤ አፉ ሲሞላ ደግሞ መጮህም አይችልም። ስለዚህ የሚጮህለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህን እያወቅሁም ባለፈው እሁድ ማታ እፍረቱ አላስቀምጥ ስላለኝ ሀና ማርያም ማርታ ዘንድ ለምትኖረው ለእትዬ አስቴር ደወልኩላት። አርጅታለች፤ ጆሮዋም ደከም ብሏል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«የልጁ እናት ክፉኛ ተቀየመችኝ» አልኳት።

«ትቀየም» አለች። ቀጥላም እንዲህ አለችኝ፦

«እኔም ያን ልጄ የሞተበት ቀን አንድ ሰው ቢጮህብኝ እቀየም ነበር፣ ብዙዬ። ሽምብራውን ከእጁ ቢቀሙብኝ፣ ተቀይሜ፣ ልጄን አዝዬ፣ እያጉረመረምኩ ቤቴ እገባ ነበር።»