ጨረታውን የሚያነብ ላፕቶፕ

እናቴ ከተቀበረች በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመለሰ፣ ሊያጽናኑን ሲዘምሩና ሲጸልዩ የሰነበቱት የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ወደየሥራቸው ሄዱ። ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን እኔና አባቴ ብቻ ቀረን። እኔ ጠዋት በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ተማሪ ያበላሸውን ስጠግን እውልና እመለሳለሁ። ምን እንደበላሁ ቢጠይቁኝ አላውቅም። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩን እየነካ የእሱ መሆኑን እንደሚጠራጠረው፣ እኔም ራሴን እንዲያ ነበር የምዳስሰው። እህቶቼ ከአዲስ አበባ እየደወሉ ሲያለቅሱ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ እስኪጨርሱ እጠብቃቸዋለሁ።

የሚያሳስበው የአባቴ ነገር ነበር። እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን እርስዎ እያልን ነው ያደግነው፤ አሁንም እንደዚያው ልጻፍ። ጡረታ እስኪወጡ በግብርና ሙያ የሠሩ፣ ወረቀት ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። እናቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ግላኮማ ዓይናቸውን ጨረሰው። ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ፤ ፊደል ግን አያዩም። እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ወሬ ተዉ፤ ከዚያ ምግብ ቀነሱ፤ ከዚያ ከአልጋ መነሣት ሰለቻቸው። ላንብብልዎ ስላቸው «ተይው፣ አንቺ ሥራ አለሽ» ይላሉ። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «ከእንግዲህ እኔ የምሰማው ነገር ምን አለ?» አሉኝ። እሳቸውም ሊከተሏት እንደሆነ ገባኝ። ፈራሁ ማለት አልችልም። መፍራት እንደነበረብኝ ግን አውቄያለሁ።

የምችለው አንድ ነገር ብቻ ስለነበር እሱን ያዝኩ። ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ቫይረስ ጨርሶት እስኪከፈት ድረስ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። ሁሉን አጥፍቼ ሊኑክስ ልጭንበት አሰብኩ። ሊኑክስ ገንዘብ የማይከፈልበት፣ አሮጌ ማሽን የማይንቅ ሲስተም ነው፤ የተጻፈን ነገር ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራምም ይጫንበታል፣ አማርኛም ይሞክራል። ሥራ ቦታ በፍላሽ ገልብጬ አመጣሁና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባቴን እንደምንም አስነሥቼ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ይሸጣል ይህ ነገር?»

«በነጻ ነው፣ አባዬ። ሰዎች ይሠሩትና ለፈለገ ሁሉ ይሰጡታል።»

«እንዲያው በነጻ?» አሉ። «እኛም ምርጥ ዘር በነጻ ስናድል ገበሬው አይቀበለንም ነበር። ተንኮል ቢኖረው ነው እያለ።»

መጫኑ ቀላል ነው። ቋንቋ ምረጪ፣ ሰዓት ምረጪ፣ ስም ስጪ ይላል፤ ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አጥፋው አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ ሰሞን አይከብደኝም ነበር። የከበደው የቀረውን ከኢንተርኔት ማውረዱ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው፤ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነብኝ። በመጨረሻ በስልኬ ዳታ ጨረስኩት።

ድምፁ የወንድ ነው፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል። ለቅሶውንም ሠርጉንም በአንድ ቃና ይለዋል። ጠብቆ የሚነበበውን እያላላ፣ አራት ነጥብ ላይ ሳይተነፍስ ያልፋል። እኔ ወደድኩት። በዚያ ሰሞን ከምሰማቸው ድምፆች ሁሉ እኔን የመሰለው እሱ ነበር። ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ከኢንተርኔት የጋዜጣ ዜና አውጥቼ አስነበብኩት፣ ንባቡን በፋይል አስቀምጬ እንደ ዘፈን በማጫወቻ ከፈትኩላቸው። ታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ ሲጫኑ ይቆማል፣ ሲደግሙት ይቀጥላል። እጃቸውን ይዤ ቁልፉን አስነካኋቸው።

አባቴ የማያውቁት ሰው ሲያወራቸው እንደሚያደርጉት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሲያልቅ «ተባረኪ» አሉና ወደ አልጋቸው ሊመለሱ ተነሡ። አልሆነም ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ፤ ምንም አልመሰለኝም። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን መቃኑን ይዘው ቆሙ።

«ጨረታውስ?»

«የምን ጨረታ?»

«የጨረታው ገጽ ነዋ። ጨረታ የሌለው ጋዜጣ ደግሞ ምን ጋዜጣ ነው?»

ዜናውን፣ ስፖርቱን፣ የጤናውን ዓምድ ሳይቀር አስገብቼ የጨረታ ማስታወቂያውን ትቼዋለሁ። ማን ይሰማዋል ብዬ ነው። የቤቱ ሥርዓት ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ከከተማችን ፒያሳ ገዝተው የሚያመጡትን ጋዜጣ ለራሳቸው አያነቡትም ነበር። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ አማርኛዋ ገበያ የሚያሻግር እንጂ ጋዜጣ የሚያሻግር አልነበረም። አባቴ አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያነባሉ፣ በእሷ ቋንቋ በሲዳሙ አፎ መልሰው ይነግሯታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ባለሥልጣን ምን አለ ምን አይገዳትም። ጨረታው ሲመጣ ግን የያዘችውን ሥራ ጥላ ትጠጋለች። አንድ ቀን ተጫርታ አታውቅም፤ የሰው ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ግን ነገሩ የእሷ ነው። ለምን ይሸጡታል፣ ማን ይወስደዋል፣ የወሰደው ሰው ያተርፋል ወይስ ይከስራል እየተባባሉ ሁለቱ እስኪመሽ ይከራከራሉ። እኛ ልጆቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር የምንሰማቸው።

ያ የጨረታ ገጽ ኢንተርኔት ላይ በጽሑፍ አልተገኘም። ስለዚህ በሳምንቱ ከፎቶ ላይ ፊደል እየለቀመ ጽሑፍ የሚያደርግ ሌላ ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ፤ የአማርኛውን ፋይል ለብቻው ማውረድ ያስፈልጋል። ጋዜጣውን ከፒያሳ ገዛሁ፣ በረንዳው ላይ ዘርግቼ ጥጉን በድንጋይ አስያዝኩና በስልኬ አነሣሁት። ፕሮግራሙ መስመሩ ትንሽ ከተጣመመበት ይዘባርቃል። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አቃናሁለት።

ከሰዓት አባቴን ጠራኋቸው። ሳይለመኑ መጡ፣ ኮታቸውን ለብሰው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ አንድ መሥሪያ ቤት ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ፒክአፕ መኪና ባለበት ሁኔታ ይሸጣል የሚል ነበር። አባቴ ቁልፉን ተጫኑ፤ ድምፁ ቆመ። በግራቸው በኩል እናቴ ትቀመጥበት ወደነበረው ዱካ፣ ወደዚያች አጭር በርጩማ፣ ዞር ብለው የሰሙትን በሲዳሙ አፎ ተናገሩ። ትንሽ ጠበቁ። ደግመው ተጫኑና አስቀጠሉት። ያገለገለ ጎማ መጣ። እሱንም አቁመው ለባዶው ዱካ ነገሩት።

አእምሯቸው የተነካ መሰለኝ። «አባዬ፣ ለማን ነው የሚነግሩት?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አላበድኩም፣ አይዞሽ» አሉ። «መሞቷን ከአንቺ በላይ አውቃለሁ። ግን እኔ ለራሴ አንብቤ አላውቅም። አማርኛውን ሰምቼ ዝም ካልኩ ነገሩ አይገባኝም። ለእሷ ስነግራት ነው የሚገባኝ።»

ቀጠሉ። አንድ ሆቴል ትልቅ ፍሪጅ ለጨረታ ያወጣል። ተናገሩ፤ ጠበቁ። ከዱካው መልስ የለም። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠወልግ አየሁ፤ ያን ጠዋት ወደ ግድግዳው ዞሮ የነበረው ፊት ሆነ። ተነሥቼ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። እኛ ሲዳሙ አፎ ሲነገረን እንሰማለን፣ የምንመልሰው ግን በአማርኛ ነው፤ እዚህ ከተማ ያደገ ብዙ ልጅ እንዲያ ነው። አፌ እንዳመጣልኝ፣ ቃሉን እየሰባበርኩ፣ ፍሪጁ ደህና ከሆነ ሆቴሉ ለምን ይሸጠዋል ብዬ በእናቴ ቋንቋ ጠየቅኋቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በዚያው በሲዳሙ አፎ፣ በረጅሙ መለሱልኝ። አዲስ ገዝተው ይሆናል፤ ወይም በሩ አልገጥም ብሎ ይሆናል፤ የሆቴል ፍሪጅ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የሚውለው። አንቺ ብትወስጂው ምን ታደርጊበታለሽ አሉኝ። ጎመን አስቀምጥበታለሁ ልል ነበር። የወጣው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አባቴ ግን ሳቁ፣ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«እናትሽ ብትሰማሽ ሆዷን ይዛ ትስቅብሽ ነበር» አሉ በአማርኛ።

አትሰማኝም። ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማውቀው ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ ወሬ ነበር። ደረቴ ውስጥ አመመኝ፤ በጣም ስላመመኝ ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን ያዝኩ። አባቴ ሳቃቸውን አቆሙ። እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አንሥተው ሲፈልጉኝ ቆይተው ጭንቅላቴ ላይ አሳረፉት። የላፕቶፑ ንባብ እንደቆመ ነበር፤ ማናችንም አላስቀጠልነውም።