ዶኛ ኤኔይዳ ወደ ቤቷ የሸኘቻት ልጅ

ዶኛ ኤኔይዳ (በእኛ ደሴት የተከበረች ሴት ‹ዶኛ› ትባላለች) በዩኒቨርሲቲያችን የሴቶች ማደሪያ ኃላፊ ሆና ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። እኔ ኤልፒዲዮ የዚያው ማደሪያ አናጺ ነበርኩ። ስትቆጣ ግድግዳ ታናውጣለች፤ ስታዝን ግን ማንም አያያትም። ጡረታ ስትወጣ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን በማደሪያዋ አንድም ተማሪ በአውሎ ነፋስ አልተጎዳም ብለው የምስክር ወረቀት ሰጧት። ከአዳራሹ እንደወጣን ብጭቅጭቅ አድርጋ ቀደደችው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ነገሩን ቢሰማ የሚከፋው ሰው አሁን አፈር ለብሷልና፣ ለምን እንደቀደደችው ልናገር።

አውሎ ነፋስ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር ሥራዋ ያው ነበር። አዳዲስ የቆሻሻ በርሜሎች ታጥበው ውሃ ይሞላባቸዋል። የልደት ወረቀትና ፓስፖርት በላስቲክ ተጠቅልሎ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ ጣሪያ ቢሄድ ማሽኑ አይሄድማ። ለየልጁ ብስኩት፣ የቆርቆሮ ቋሊማ፣ ባትሪ ይታደላል። እኔ መስኮቶቹን በጣውላ እመታለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጆቹ ስም ዝርዝር አለ። ቤቷ በደሴቲቱ ላይ የሆነ ልጅ ሁሉ እስከ እኩለ ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ የምትቀረው ከባሕር ማዶ የመጣች ብቻ ናት። ሕጉን ያወጣው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ነው፤ እንደ ወንጌል የያዘችው ግን እሷ ናት።

የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት አቮካዶው ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቶ ነበር፤ ይህ በእኛ ዘንድ የነፋስ ምልክት ነው። ልጆቹ ግን ይቀልዳሉ።

«ዶኛ፣ ቋሊማውን አሁኑኑ ብንበላውስ?» አለች አንዷ በርሜል እየሞላች።

«ነፋሱ ሳይጮህ ሆድሽ ይጮሃል! ዝም ብለሽ ሙዪ!»

በዚህ መሃል ያሪማር የምትባል የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ቦርሳዋን ሳትይዝ መጣች። ጭምት ልጅ ናት። ቤታቸው ተራራው ላይ፣ ከገደል ሥር ነው።

«ዶኛ፣ እዚሁ ልቅር። ኮሪደር ላይም ቢሆን እተኛለሁ።»

«ቤት አለሽ አይደል?»

«ቤቱማ አለ። ከጀርባው ያለው አፈር ግን በግንቦቱ ዝናብ ተሰነጣጥቋል። እፈራለሁ።»

«አንቺን ባስቀር አርባ ልጅ መጥታ እፈራለሁ ትለኛለች። ደግሞ እናትሽን ብቻዋን ትተሽ? አታፍሪም? አውቶቡሱ ሳያመልጥሽ ውጪ!»

ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። መዶሻ በእጄ፣ ምስማር በአፌ ነበር። ምስማሩን ተፍቼ «ተዪያት እባክሽ፣ ፍራሽ አላነሰን» ማለት አቃተኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዶኛ ኤኔይዳ በስሟ ላይ ምልክት አደረገች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ዝርዝሩ አለቀ፤ ደስ ብሏት እንደነበር አይቻለሁ።

ነፋሱ መጥቶ ሄደ። ማደሪያችን አንድ መስታወት እንኳ አልተሰበረበትም። የቀሩት አሥራ አንድ ልጆች ኮሪደር ላይ ዶሚኖ ሲጫወቱ ነው ነፋሱ ያለፈው። ተራራው ግን ተናደ። መንገድም ስልክም ጠፍቶ ስምንት ቀን ወሬ አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ከነያሪማር መንደር በእግሩ የወረደ ሰው፣ ጭቃው የቤታቸውን የኋላ ክፍል እንደወሰደውና ያሪማር እዚያ ተኝታ እንደነበር ነገረን። እናቷ ከፊት ለፊቱ ክፍል ተርፋለች።

ዶኛ ኤኔይዳ አላለቀሰችም። የልጅቷን መጻሕፍትና ልብሶች አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና፣ «መንገዱ ሲከፈት በመኪናህ ታደርሰኛለህ። ያባረርኳት እኔ ነኝ ብዬ ለእናቷ እነግራታለሁ። ከፈለገች ትትፋብኝ» አለች።

«እኔም እናገራለሁ፤ ነበርኩ እኮ» አልኳት።

«አንተ ዝም በል። ዝም ማለቱን ትችልበታለህ።»

የሚገባኝ ነበር።

እናትየውን፣ ዶኛ ካሲልዳን፣ ግማሹ በቀረው ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። ዶኛ ኤኔይዳ ማንነቷን ስትናገር ሴትዮዋ ብድግ ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ነሽ? ልጄ ነግራኛለች እኮ! ቅሪ ብለሽ ስትለምኛት አሻፈረኝ ብላ እንደመጣች። ‹ምነው ልጄ፣ ከለመኑሽ ምን አመጣሽ?› ብላት፣ ‹እማ፣ ናፍቀሽኝ ነው› አለችኝ።»

ልጅቷ እንዲህ ብላ ነበር የዋሸቻት። ተባረርኩ ብላ እናቷን ማስከፋት አልፈለገችም መሰለኝ። ዶኛ ኤኔይዳ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች።

«ናፍቀሽኝ ነው አለችኝ» አለች እናትየው ደግማ፣ ፊቷ ትንሽ ፈካ ብሎ። «ሌላው ሁሉ ሄዷል። ያቺን ቃል ይዤ ነው የማድረው።»

ዶኛ ኤኔይዳ አፏን ዘጋች። ሻንጣውን ሰጠች። የቀረበላትን ሩዝና ባቄላ እስከ መጨረሻው በላች። ስንነሣ ሴትዮዋ እጆቿን ይዛ «እንዳንቺ ያለውን ሰው ያብዛልን፣ እህቴ፤ ለሰው ልጅ ያሰብሽው ለልጅ ልጆችሽ ይድረስ» ብላ መረቀቻት። አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

ቁልቁለቱን ስንወርድ «አቁም» አለችኝ። ወርዳ መንገዱ ዳር የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። ተመልሳ መኪናው ውስጥ ገባች።

«እንድትረግመኝ ነበር የመጣሁት፣ ኤልፒዲዮ። መረቀችኝ እኮ።»