ወንድሜ በስልክ ሲጠየቅ

ታላቅ ወንድሜ በአፈር ሳይንስ ዶክትሬቱን የሠራው ምሥራቅ ጀርመን ነው። ቶሮንቶ ሲደርስ አገሪቱ ከካርታ ወጥታ ነበር። ለየመሥሪያ ቤቱ «ዩኒቨርሲቲው አለ፣ አገሩ ነው የሌለው» እያለ ያስረዳል። እነሱም በትሕትና ያዳምጡትና ሌላ ሰው ይቀጥራሉ። እሱ ከከተማው ዳር ኢቶቢኮ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል።

ዶክትሬቱን እዚሁ ካናዳ የሠራው ጓደኛው ግን ገና ሳይመረቅ ነው ሥራ የያዘው። ፕሮፌሰሩ አንድ ቦታ ደወለለት፣ አለቀ። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስካርቦሮ ያለ የአፈር ላብራቶሪ ሰው እንደሚፈልግ የነገረንም እሱ ነው።

«ኢንተርቪው ላይ ‹እኔ› በል» አለው፣ ሴንት ጄምስ ታውን እኛ ቤት ቁጭ ብሎ። «‹እኛ› ካልክ ሁላችንንም አይቀጥሩንም።»

«ራሴን ላሞግስ?»

«ሌላ ማን ያሞግስህ? ያንተ ፕሮፌሰር እንደሆነ ጡረታ ወጥቷል።»

እኛ ቤት ራስን ማሞገስ ነውር ነው። ጀርመንም ቢሆን ፕሮፌሰሩ ባሉበት «እኔ» የሚል ተማሪ አልነበረም አሉ። ሁለቱንም ትምህርት በደንብ ነው የተማረው።

ኢንተርቪው በስልክ ሆነ። እሱ ሳሎን፣ እኔ በዚያው መስመር መኝታ ቤት ያለውን ስልክ አንስቼ። እንግሊዝኛዬን ከቴሌቪዥን ነው የለቀምኩት፣ ለመስማት ይበቃል።

«በጥናቱ ውስጥ ያንተ ድርሻ ምን ነበር?» አለች ጠያቂዋ።

«ፕሮፌሰሩን እረዳቸው ነበር» አለ ወንድሜ።

ዓመታት የደከመበት፣ ስሙ ለብቻው የተጻፈበት ጥናት ነው። የረዳው ቢኖር አፈሩ ነው።

«ሌላስ?»

«ሌሎች ሰዎችም ነበሩ።»

ሴትዮዋ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። መጋዘኑ ታየኝ። «ጋሼ፣ ብቻህን የሠራኸውን?» አልኩ በአማርኛ። «ይሉኝታህን ተወውና ንገራቸው እንጂ።»

«ማን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«እህቴ ናት።»

«ምን አለች?»

ወንድሜ ውሸት አይሆንለትም። «ጥናቱን ብቻዬን እንደሠራሁና አፍሬ እንደደበቅኋችሁ ትናገራለች» ብሎ ተረጎመላት።

«ትቀጥል» አለች።

ቀጠልኩ። በረዶ ላይ ተንበርክኮ አፈር መቆፈሩን፣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጥተው ይጠይቁት እንደነበር፣ ለእረፍት አገር ቤት ሲመጣ ያወራልንን ሁሉ ተናገርኩ። እሱም «ትላለች» እያለ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ አስተላለፈ። የሳትኩት ቦታ ላይ ያርመኛል። እርማቱ ከእኔ ሙገሳ ይበልጥ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ደውለው ቀጠሩት። ዶክትሬቱን ከምን እንደሚመድቡት ስላላወቁ በቴክኒሻንነት ነው ያስገቡት፣ ማስተርስ ብቻ ካለው ልጅ በታች። ቢሆንም አፈር ነው፣ ካርቶን አይደለም።

ሰኞ ጠዋት የጫማውን ክር እያሰረ፣ «እዚያም ስልክ አለ ብለሽ እንዳትደውዪ» አለኝ።

«እነሱ ስለ አንተ ቢጠይቁኝስ?»

«ከጠየቁሽ አጠር አድርጊው» አለና አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ወጣ።