ከሰማያዊው መስኮት ትይዩ

ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ በተዘጋ የልብስ ስፌት ቤት በር፣ «ከባንኩ ትይዩ ተዛውረናል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ አንዷን ቃል ነጥሎ ያነባል። ወዲያው የጠመኔ ብናኝ ይሸተኛል።

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ጓደኛዬ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከጠባቧ ኮብልስቶን መንገድ ማዶ፣ ሰማያዊ መስኮት ባለው አሮጌ የእንጨት ፎቅ ይኖር ነበር። ጠዋት መስኮቱ ሲጥ ብሎ ሲከፈት፣ አባቱ ከአትክልት ተራ የሚያመጡት የብርቱካን ሽታ መንገዱን ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባ ነበር።

አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሁለት የማይገናኙ መስመሮች አስምረው «ትይዩ» አሉን። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ የእኔና የእሱ ቤትም ትይዩ ነው። እኛ ግን በየቀኑ እንገናኛለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን አልሳቁም። ድሮ የትይዩ ምልክት ሁለት የተጋደሙ ጭረቶች እንደነበሩ፣ ያንን ምልክት «እኩል ነው» ሲወስደው የሒሳብ ሊቃውንት ጭረቶቹን ቀጥ አድርገው እንዳቆሟቸው ነገሩን።

ከሰዓት እነ ጓደኛዬ ቤት ደረጃ ላይ ብርቱካን እየላጥን ቃሉን በአፌ ሳገላብጠው ቆየሁ። ድንገት ገባኝ።

«ስማ፣ ትይዩ ማለት እኮ የሚተያዩ ማለት ነው። አይነካኩም፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይተያያሉ።»

ማኘኩን አቆመ። «ጀለስ፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገር።»

የመጀመሪያ ግጥሜን የጻፍኩት በዚያች ቃል ላይ ነው። ያነበብኩት ለእሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግጥም ስጀምር ለማንም አላነብም።

ጓደኛዬ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አባል ነበር። ዓርብ በዕረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ትንሽ ካንሿሿ በኋላ ግጥሜን በእሱ ድምፅ ሰማሁት። ሲጨርስ የራሱን ስም ጠራ። ግቢው አጨበጨበ።

አስተማሪው ዘንድ ሮጥኩ። አስጠሩትና ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቁት።

«ትይዩ? መጽሐፉ ላይ ያለ ቃል እኮ ነው ቲቸር» አለ፣ ጫማውን እያየ። «የማንም አይደለም።»

አስተማሪው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «በሉ፣ ወደ ክፍል።»

ሰባተኛ ክፍል መጽሐፉ እንግሊዝኛ ሆነና ትይዩ «ፓራለል» ተባለ። የወሰደብኝ ቃል ለፈተና እንኳ የማይጠቅም ሆኖ ቀረ። መስኮቱ ግን ጠዋት ጠዋት መከፈቱን፣ ብርቱካኑም መሽተቱን አላቆመም። እኔ ነበርኩ ፊቴን የማዞረው።

ከዓመታት በኋላ መንገዱ ሲሰፋ የእነሱ ወገን እንዲፈርስ ተወሰነ። ዕቃቸው አይሱዙ ላይ ሲጫን መስኮቴ ላይ ቆሜ፣ አንዴ ቀና ብሎ ያየኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላየኝም።

ትናንት ምሳ ያዘዝኩበት ቤት የላከው ሞተረኛ ደወለልኝ።

«ብራዘር፣ ሰፈሩ ደርሻለሁ። ቤቱ የቱ ጋ ነው?»

«ከሰማያዊው መስኮት ትይዩ» አልኩት፣ አፌ ለምዶ።

 ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ኧረ እዚህ ማዶ አስፋልት ብቻ ነው» አለኝ። «ከምን ትይዩ?»